የጫጉላው ክፍል ቀለም

ሁለቱም ነጭ ነበሩ። ማርያምን፣ ሁለቱም ነጭ ነበሩ! ግድግዳው መሐል ላይ ጎን ለጎን የተቀቡ፣ እያንዳንዳቸው የመሶብ ክዳን የሚያህሉ ሁለት ቦታዎች። እኔ ልዩነታቸው ፈጽሞ አልታየኝም።

«የግራው የወተት ቀለም ነው፤ የቀኙ የቅቤ» አለ ቀቢው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ። «ይምረጡ እንግዲህ፣ እመቤቴ።»

እመቤቴ! ቶላ ነው እንግዲህ እመቤቴ የሚለኝ። የአባቴን ሱቅ ባንኮኒ ተደግፎ «እታገኝ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስቆጣሽ?» እያለ ያስቀኝ የነበረው ቶላ። ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶብኝ በሕልሜ ስፈልገው የኖርኩት ሰው የጫጉላ ክፍሌን ሊቀባ መጣ። የሌላ ሰው ሚስት ሆኜ የምገባበትን ክፍል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

«ምኑ ይመረጣል? ሁለቱም ነጭ ነው» አሉ አክስቴ እትዬ ሸዋርካብሽ። በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ጥጡን ለመፍተል አይምሰላችሁ፤ እኔን ለመጠበቅ ነው። ሙሽራ ከወንድ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አትቆምም፤ ወንዱ ቀለም ቀቢም ቢሆን። «ልጅቷን አታድክማት፤ አንዱን ቀባና ሂድ» አሉት።

«ገና እርጥብ ስለሆነ ነው እትዬ። ሲደርቅ ይለያያሉ» አለ ቶላ። «መስኮቱ በምሥራቅ ነው። የወተቱ ጧት ጧት ያምራል፤ በክረምት ግን ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። የቅቤው በአምፑል ይደምቃል፤ ደመና ሲሆን ደግሞ ትንሽ ይደበዝዛል። ማታም ይታይ፣ ነገም ጧት ደርቆ ይታይ። ያልደረቀ ቀለም አይፈረድም።»

ድምፁ የታወቀው ድምፁ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ። ከብሩሹ ጫፍ ግን አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀች። ቶላ ቀለም ሲያንጠባጥብ አይቼ አላውቅም። እሱም ጠብታዋን አያት፤ እኔም አየኋት፤ ቀና ስንል ዓይናችን ተጋጨ። እኔው ነኝ ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት።

«እሺ፣ ነገ አየዋለሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወጥቼ ጓዳ ገባሁና የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ተቀመጥኩ። ጠላሁት። እመቤቴ ያለኝን አፉን ጠላሁት። ደግሞ ነገ እስኪነጋ ቸኮልኩ።

* * *

ስለዚህ ክፍል ልንገራችሁ።

አባቴ አቶ ጓንጉል ከጎጃም መጥተው ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ በመሸጥ የከበሩ ሰው ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ለሙሽራው ያቀረቡት አንድ ግዴታ «ልጄ ከግቢዬ አትወጣም» የሚል ነበር። ሙሽራውም ተስማማ። ከራጉኤል ጀርባ ባለው ግቢያችን፣ ከዋናው ቤት ጎን፣ ይኼ ክፍል ተሠራ። አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱን ስትከፍቱት የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ይታያል።

ሰው «እሰይ፣ ከአባቷ ጉያ ሳትወጣ ተዳረች» ይላል። እኔ ክፍሉን ባየሁ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኛል። የተወለድኩበት ቤት እዚህ፣ የምዳርበት ክፍል እዚሁ፣ የምቀበርበት ራጉኤል ከአጥሩ ወዲያ። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ተራምጄ ልጨርሰው ነው።

ሙሽራው አቶ ውብሸት ይባላል። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መደብር አለው። ክፉ ሰው በሆነና በቀለለኝ! ክፉ አይደለም። ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ ይነሣል። ሁለቱን ቆርቆሮ ቀለም ገዝቶ የላከው እሱ ነው። «ሁለቱም ለዓይን ያርፋሉ፤ እሷ ትምረጥ፤ ቀቢውም በከተማው አለ የሚባለው ይሁን» አለ። በከተማው አለ የሚባለው ቀቢ ደግሞ ቶላ ሆኖ ተገኘ። አያችሁልኝ ነገሬን?

ከቶላ ጋር የተዋወቅነው የአባቴን ሱቅ በርና መደርደሪያ ሊቀባ መጥቶ ነው። ሥራው ካለቀም በኋላ መምጣቱን አልተወም። ነጠላ ልግዛ ይላል፤ ጥለቱን ያገላብጣል፤ ዋጋ ይከራከራል። «ለማን ነው?» እለዋለሁ። እናት የለው፣ እህት የለው። «የምትለብሰው ሰው እሺ አላለችኝም ገና» ይለኛል። አቤት ያ ሳቁ! አባቴ እንዳያዩኝ ከባንኮኒው በታች እጄን በእጄ ጨብጬ እቆማለሁ።

ቶላ ከሆለታ ነው የመጣው። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ሞተውበት ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ቀለም ቀቢ ግቢው ወስዶ አሳደገው፤ ሙያውንም ያስተማረው እሱ ነው። ሽማግሌ መላክ ሲመጣ እንግዲህ ማንን ይላክ? ሙሴ ያኒን ላከ። ብቻውን! ለሽማግሌነት ፈረንጅ ሲመጣ ሸማ ተራ እንዴት እንደሳቀ አትጠይቁኝ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ክራባት አሥሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ልጅህን ለልጄ ስጠኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ እኔ አሳደግሁት» አለ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ነጠላዬን ነክሼ እሰማለሁ።

አባቴ እንደ ደንቡ መለሱ። «ልጄ ገና አልደረሰችም፤ ዘመድም አለኝ» አሉ።

ሙሴ ያኒም «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

እኔ በደስታ ልሞት! ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀን መልስ ሁልጊዜም ያው ነው። ሁለተኛ እስኪመጡ መጠበቅ ነው እንግዲህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቅ መዋሌ ቀረ፤ አንዴ የተጠየቀች ልጅ ገበያ አትቆምም ተባለና ግቢው ተዘጋብኝ። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡ እላለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ጠጉሬን እነካካለሁ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፣ መስከረም ጠባ። አልመጡም። ናቀኝ አልኩ። ሌላ አገኘ አልኩ። የአቶ ውብሸት ሽማግሌዎች እየተመላለሱ ሲለምኑ፣ በመጨረሻም አባቴ ቃል ሲሰጡ፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለማን ብዬ?

* * *

መሸት ሲል አባቴ ራሳቸው መጥተው አምፑሉን አበሩት። ለዚህ ክፍል ያላቸው ደስታ ልዩ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ስቱኮው የተለሰነበትን ማዕዘን ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«በአምፑልስ የቅቤው ነው» አሉ። «አይደለም እንዴ ሸዋርካብሽ? ሞቅ አለ እኮ ቤቱ!»

«ለኔ ሁለቱም ነጭ ነው ብያለሁ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት ቶላን። ያ ፈረንጅ የለመነለት ልጅ እሱ መሆኑን አላወቁም። የሚያውቁት ሱቁን እንደቀባ፣ ነጠላ እንደሚከራከር ደንበኛ ብቻ ነው፤ ለጋብቻ ደግሞ እሱ ራሱ ፊታቸው አልቀረበም።

«እኔ ሥራዬ መቀባት ነው ጋሼ። ምርጫው የሙሽራዋ ነው።»

«እውነት ነው። እታገኝ፣ ነይ እስቲ ቀረብ በይ።»

ቀረብኩ። አምፑሉ ከላይ፣ አባቴ በአንድ ወገን፣ ቶላ በሌላው ወገን። ቀለሙ አፍንጫዬ ውስጥ ይሸታል። በአባቴና በእሱ መካከል ያለችው ቦታ አንድ ክንድ አትሞላም፤ እዚያች ውስጥ ነው ቆሜ የምተነፍሰው። አንድ ቃል ብናገር አባቴ ይሰማሉ። ዝም ብል ነገ ቀቢው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ዓይኔን ከግድግዳው ሳላነሣ ትከሻው ወደ ትከሻዬ ትንሽ ሲያዘነብል ተሰማኝ፤ አልነካኝም፤ ቀና አለ መልሶ።

«ነገ ጧት ልምረጥ፣ አባዬ» አልኩ።

«ደግ ነው፣ ደግ ነው። አትቸኩይ፤ ዕድሜሽን የምትኖሪበት ነው» አሉ፣ ግንባሬን ስመው።

ዕድሜሽን የምትኖሪበት! ደስ ብሏቸው የተናገሩት ቃል ነው እኮ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አነጋሁ።

* * *

ጧት ቀለሙ ደርቋል። ቶላ እውነቱን ነበር፤ ተለያይተዋል። የወተቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ንጹሕ ነው፤ ሐኪም ቤት ይመስላል። የቅቤው ፈካ ብሎ ሰው የሚስቅበት ቤት መስሏል። ይኼ ነው ያናደደኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ሊስቅ?

«የቱ ይሻላል?» አለ ቶላ። ዛሬ ዞሮ አየኝ። ከስቷል። ጉንጩ ገብቷል።

«አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር?»

«እኔ አልኖርበትም።»

«እኔስ ልኑርበት አልኩ?»

እንዝርቱ ቆመ። እትዬ ሸዋርካብሽ ቀና አሉ። እኔ ግን አንዴ አፌ ተከፍቷል፤ ማን ይመልሰዋል?

«ከሁለት ነጭ አንዱን ምረጪ ይሉኛል! ባል ሲመርጥልኝ ያልጠየቀኝ ሁሉ ተነሥቶ ግድግዳ ምረጪ ይለኛል! አንተም ብሩሽህን ይዘህ መጥተህ ‹ይምረጡ እመቤቴ›! አታፍርም? የማን ቤት እንደሆነ ሳታውቅ ነው የመጣኸው?»

«አውቄ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ሌላ ሰው ከሚቀባልሽ እኔ ልቀባልሽ ብዬ ነው። ደግሞም አንዴ ልይሽ ብዬ።»

«አንዴ ልይሽ! ዓመት ሙሉ የት ነበርክ? ለምን ተውከኝ?»

«እኔ ተውኩሽ?» ብሩሹን ወረወረው። «አባትሽ እምቢ አሉ እኮ! ሙሴ ያኒ በራችሁ ድረስ መጥቶ ለመነ። ‹አልደረሰችም› ተባለ። ሱቅ የምትመራ፣ ነጋዴውን ሁሉ አፍ የምታስይዝ ልጅ አልደረሰችም ማለት ምን ማለት ነው? ድሃ ነህ፣ ዘመድ የለህም ማለት አይደለም? ‹ዘመድ አለኝ› ማለትስ? አንተ የለህም ማለት አይደለም? ሙሴ ያኒ ቤት ሲገባ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልምጣ? በምን ፊቴ?»

«ማን ነው እምቢ ያለው?»

እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸው። ብድግ ሲሉ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ነው እምቢ ያለህ? እንዲህ ነው እንዴ እምቢ የሚባለው?»

«ታዲያ ምን ማለታቸው ነበር እትዬ?»

«ተመለስ ማለታቸው ነዋ! ‹አልደረሰችም› ማለት ሁለተኛ ና ማለት ነው። ‹ዘመድ አለኝ› ማለት ላማክር፣ ጊዜ ስጠኝ ማለት ነው። ሴት ልጁን በመጀመሪያው ቀን እንካችሁ የሚል አባት የት አገር አለ? ሸክም የሚያራግፍ ይመስል! የኔን ሽማግሌዎች ወንድሜ ስንቴ ነው የመለሳቸው፤ በዝናብ አስቁሞ! እነሱ አልተመለሱም? አልተሰጠሁም?» ትንፋሽ አጠራቸው። «ግድግዳ እንኳ አንድ እጅ ተቀብቶ እንደማይበቃው የምታውቅ ልጅ፣ ሴት ልጅ በአንድ ቀን ልመና ትገኛለች ብለህ ነው?»

ቶላ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አላወቅሁም» አለ። «ማንም አልነገረኝም። ሙሴ ያኒ አያውቅ፣ እኔ አላውቅ። እምቢ መስሎን እኮ ነው።»

መሳቅ ይሁን ማልቀስ ጠፋብኝና ሁለቱንም አደረግሁ። ዓመት ሙሉ! እሱ እዚያ ተገፋሁ ብሎ፣ እኔ እዚህ ተናቅሁ ብዬ! ሙሴ ያኒ ያቺን ባርኔጣውን ይዞ አንዴ ተመልሶ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ይኼ ክፍል የኔና የቶላ ነበር። የቅቤውን ነበር የምመርጠው። ሳላመነታ።

ያኔ በሩ ጨለመብን። አባቴ ናቸው። የእህታቸው ጩኸት ዋናው ቤት ድረስ ተሰምቶ ነው የመጡት። ሁሉንም እንደሰሙ ፊታቸው ይናገራል። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም።

«አንተ ነህ?» አሉት ቶላን። «ጠብቄህ ነበር። ያ ፈረንጅ ከሄደ በኋላ እህቴን ‹ልጁ ሰው የለውም፤ ሰውየው ግን እንደ ወለደው አድርጎ ሲናገርለት ሆዴን በላው፤ ሁለተኛ ሲመጣ አስቀምጠዋለሁ› ብያታለሁ። እዚሁ አለች፣ ትመስክር። ስትቀር ግን ተቀየምኩህ። ልጄን በሰው አፍ አስገብቶ ተዋት ብዬ።»

ቶላ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጋሼ ጓንጉል፣ ዛሬ ልላክ። አሁኑኑ ሽማግሌ ልላክ። በዝናብም ያስቁሙን።»

«ዛሬማ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። ሽማግሌ ቤቴ በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ወጥቷል። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ሸማ ተራ ውስጥ በገንዘቤ አይደለም ሰው የሆንኩት፣ በቃሌ ነው። ያን ቃል መመለስ የሚችል የተቀበለው ሰው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ መልስልኝ ብዬ የማይበት ዓይን የለኝም።»

«አባዬ . . .»

«ዝም አይነቅዝም፣ እታገኝ። ቀለሙን ምረጪና ይጨርስ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እዚያ ደግሞ ከቆርቆሮው አጥር በቀር የሚታይ ነገር የለም።

በዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን የዘጋብኝ ሰው አብሮኝ ተዘግቶበት አየሁት። አዘንኩላቸው፤ ማዘኔ ይበልጥ አሰረኝ። ይኼ ሰው እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጠጉሬን ሳይቀር እየጎነጎነ ያሳደገኝ ነው። አሁን የሚለምነኝ አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ የወተቱ ወይም የቅቤው። አፌን ከፈትኩ። «የቅ. . .» ብዬ ጀመርኩ እኮ!

ከዚያ ቶላን አየሁት። ቀና ብሎ አያየኝም። ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ፣ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፍቷል። አባቴ የሚናገሩበት አፍ የላቸውም። ቶላ መብት የለውም። አክስቴ ከእንዝርታቸው በቀር ሥልጣን የላቸውም። በዚያ ክፍል ውስጥ አፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በዚህ አፌ ግድግዳ ልመርጥበት!

«አባዬ፣ ቃሉን መመለስ የሚችል የተቀበለው ሰው ብቻ ነው አሉ?»

«አዎን። ምነው?»

ነጠላዬን እንኳ በወጉ አላጣፋሁም። በአጠገባቸው አልፌ ወጣሁ።

* * *

ሙሽራ በዐቢይ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዋን ሶማሌ ተራ! ይኼን ያየ ሰው አለ? እትዬ ሸዋርካብሽ ከኋላዬ «አንቺ ልጅ! ኧረ በሥላሴ! ኧረ ተመለሺ!» እያሉ ያለከልካሉ። ተሸካሚው «ዞር በይ እመቤት!» ብሎ ይጮህብኛል። ዓመት ሙሉ መንገድ አልረገጥኩምና እግሬ ይደነቃቀፋል፤ ግን አይቆምም።

አቶ ውብሸት ከተቆለሉ ጎማዎች መካከል ቆሞ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል። ሲያየኝ ደንገጥ ብሎ ሰውየውን ሸኘው።

«እታገኝ? ምነው በደህና? አባትሽ ደህና ናቸው?»

መጀመሪያ ያሰበው ለአባቴ ነው። አላልኳችሁም? ክፉ በሆነ!

«አቶ ውብሸት፣ እርስዎ መልካም ሰው ነዎት» አልኩ። «እኔ ግን ሌላ ሰው እወዳለሁ። ከእርስዎ በፊት ጠይቆኝ፣ ደንቡን ባለማወቅ የቀረ ሰው ነው። አባቴ ቃላቸውን ማጠፍ አይችሉም። እርስዎ ይመልሱላቸው። በእመቤታችን እለምንዎታለሁ።»

በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጣጠፈ። ወደ በሩ አየት አደረገ፤ ከእትዬ ሸዋርካብሽ በቀር የሰማ እንደሌለ አረጋገጠ። ከዚያ ፈገግ አለልኝ። ያን ፈገግታ ባላየሁት!

«እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እታገኝ።»

«ነገርኩዎት እኮ!»

«አልነገርሽኝም። ሠርግ ሲቃረብ ልጅ ትጨነቃለች፤ እህቴም እንዲሁ ሆና ነበር። ያልሽውን ለነፍስ አባቴም አልናገረውም። ስንጋባም አላነሣብሽም። ገመናሽ ገመናዬ ነው፤ ሸፍኜዋለሁ። ቀስ ብለሽ ትለምጂኛለሽ።»

ሊያስቀይመኝ አይደለም። ሊያስረኝም አይደለም። ክብሬን ሊጠብቅ ነው! ከልቡ ነው! ተሳድቦ ቢሆን እሰድበው ነበር። በዱላ ቢነሣ እጮህ ነበር። በደግነት ለሚዘጋ በር ምን ይባላል?

መንገድ ላይ ወጥቶ ለአንዲት ሰይቼንቶ ታክሲ እጁን አነሣ። «ሰው ሳያይሽ ቤትሽ ግቢ» አለኝ፣ በሩን ራሱ ከፍቶ። እትዬ ሸዋርካብሽ «እግዜር ይስጥልን፣ የጨዋ ልጅ፣ የኔ ጌታ» እያሉ በጀርባዬ ይገፉኛል። አንድ እግሬን አስገባሁ። የታክሲዋ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ መስታወቷ ተዘግቷል። እዚያ ውስጥ ከተቀመጥኩ ታክሲው ወደ ግቢው፣ ግቢው ወደ ክፍሉ ያስገባኛል፤ በነጋታውም ሁሉም ምንም አልሰማንም ብለው የቅቤ ቀለም ይቀቡብኛል።

እግሬን መልሼ አወጣሁት።

«ስሙኝ!» አልኩ።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ያለኝ አይመስለኝም ነበር። ሱቅ ያለው ሁሉ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እኔ የሸማ ተራው የጓንጉል ልጅ እታገኝ ነኝ! የምወደው ቀለም ቀቢውን ቶላን ነው! ሌላ ሰው ባገባ ሳልወድ ነው! ሰማችሁ? አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር!»

ሶማሌ ተራ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። የቆርቆሮ መዶሻ ቆመ። ጎማ የተሸከመው ሰው እንደተሸከመ ቀረ። እትዬ ሸዋርካብሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ጉድ ፈላ! ጉድ ፈላ!» ይላሉ።

የአቶ ውብሸት ፈገግታ ጠፋ። እውነተኛ ፊቱን ያኔ ነው ያየሁት፤ ለካስ እሱም ይወደኝ ኖሯል። ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ልሸፍንልሽ እንግዲህ?» አለ በመጨረሻ። «ይኼ ሁሉ ሰው ሰምቶ? ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ቃላቸውን መልሻለሁ። ቀለሙን ግን እንዳትመልሱልኝ። አልፈልገውም።» ተነሥቶ ወደ መደብሩ ገባ፤ ገርበብ አድርጎ ዘጋው። ያን ጎንበስ ያለ ጀርባውን ሳይ ይቅርታ ልለው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ?

ዘወር ስል ቶላ ከታክሲዋ ወዲያ ቆሟል። ተከትሎን ሮጦ ነው የደረሰው። ሸሚዙ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ቀለም ደርቆበታል።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ሰማሁ» አለ። እንባው ቀደመው።

አባቴ ራጉኤል ሳልደርስ እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ነገ ሸማ ተራ ምን ፊት ይዘው ሱቃቸውን እንደሚከፍቱ፣ ይቅር ይሉኝ እንደሆነ፣ ያን የተደረደረ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚያልፉት ሳስብ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ቶላ አንድ እርምጃ ቀረበኝ። እጁን ልይዘው ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግን አልደፈርኩም። ያን ያህል ጮኼ ሳበቃ እጅ መያዝ አፈርኩ፤ አይገርማችሁም? አፍሬ፣ ፈርቼ፣ ለአባቴ እያዘንኩ፣ እዚያው መንገድ መሐል ቆሜ ደስ አለኝ።